ላግዛት ነው የመጣሁት

ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር ይህ ነው፦ ልጄን ከእናቷ አርባ እርምጃ ላይ አስቁሞ ወደመጣችበት የመለሳት የኢሚግሬሽኑ መኮንን አይደለም፤ እኔ ነኝ። በአንድ ቃል ነው የመለስኳት። ቃሉ ስድብ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ሰው ቤት ሄዶ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የሚያሳፍረው ጨዋ ሰው ሁሉ የሚለው ቃል ነው።

ልጄ የምላት ታናሽ እህቴ የወለደቻትን ነው። እህቴ ለሥራ ውጭ አገር ስትሄድ ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር። እኔና ባሌ ልጅ አልነበረንም፤ ተቀበልናት። ባሌ ፎቶ አንሺ ነበር። መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ጉርድ ፎቶ እናነሳ ነበር፤ ነጭ አንሶላ፣ ሁለት መብራት፣ አንድ ዱካ። ማንበብ የተማርኩትም እዚያው ነው። ባሌ የደንበኞቹን ስም በየፖስታው ላይ ሲጽፍ እኔ የፎቶውን ፊት እያየሁ ፊደሉን ለቀምኩ። እሱ ሲሞት ጋዜጣ ደርሼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ። ጽሕፈቴ ግን ዶሮ የጫረው ስለሚመስል ደብዳቤ ሁለት ጊዜ እጽፋለሁ። ረቂቁን በተበላሸ የፎቶ ፖስታ ጀርባ፣ ንጹሑን በወረቀት። ንጹሑ ወደ እህቴ ሄደ። ረቂቁ ከነሰረዙ እኔ ጋ ቀረ። የእሷም ደብዳቤዎች እኔ ጋ ናቸው።

በየቀናቸው ደርድሬያቸዋለሁ። ያኔ ያልጻፍኩትን ደግሞ ከሥራቸው ጨምሬያለሁ።

ከእህቴ፣ ጥቅምት 12

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንቺ ግን «ደህና ነኝ የሚለውን ትተሽ ጻፊልኝ» ብለሻልና እሺ። ኩላሊቴ ነው። ሁለቱም። በሳምንት ሦስት ቀን ደሜን አውጥቶ አጥቦ የሚመልስ ማሽን ሥር እተኛለሁ። አትሳቂብኝ፤ በመጦሪያ ቤት የሽማግሌ አንሶላ ሳጥብ የኖርኩት ሴትዮ አሁን ተራዬ ደርሶ እኔው እታጠባለሁ።

«ለምን አንቺ አትመጪም?» ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። ማሽኑን አንድ ቀን ባሳልፍ እግሬ ያብጣል። ሁለተኛውን ባሳልፍ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሦስተኛውን ሐኪሙ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ገመድ የረዘመላት በግ ማለት ነኝ፤ የምደርስበት የታወቀ ነው።

ስለዚህ እሷ ትምጣልኝ። ለሁለት ወር የጉብኝት ቪዛ ይሰጣሉ፤ ወረቀቱን ጀምሬያለሁ። ድንቡሼ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው አይደል? እኔ የማውቃት ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛብታ የምታደርገውን ነው። ሳልሞት ልያት። ሌላ ነገር ከዚህ ዓለም አልፈልግም።

የምትወደውንና የምትጠላውን ዘርዝረሽ እንዳትልኪልኝ። ራሷ ትንገረኝ።

ታናሽሽ

ከእኔ፣ ኅዳር 2

ለእህቴ፤ ጤናሽን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ብቻ አምላክ ይርዳሽ።

ፎቶዋን አይተሽ «ምን አስከፋት?» ማለትሽ አሳቀኝ። ምንም አልከፋትም። የፓስፖርት ፎቶ ላይ መሳቅ ክልክል ነው። ጆሮ ይውጣ፣ ግንባር ይታይ፣ ጥርስ አይታይ። እኔው ነኝ «ስትስቂ እንዳላይሽ» ያልኳት። ጎረቤታችን የአውሮፕላን ትኬት ቆራጩ በሩ ላይ ቆሞ «ይህን ፎቶ ያየ መኮንን ልጅቷ ለቀብር የመጣች ነው የሚመስለው» ቢላት በሳቅ ፈነዳች። አምስት ፊልም አበላሸን። «ሂድ አንተ፣ ወንበርህን ጠብቅ» ብዬ አባረርኩት። «እትዬ፣ እኔ እኮ ያለ እኔ አትስቅም ብዬ ነው!» እያለ ሄደ።

የጫማ ቁጥሯ ሠላሳ ስምንት ነው። ካፖርቱን ጠበብ ያለ ግዢ፤ ድንቡሼነቱ ከጠፋ ቆይቷል፣ አሁን ሸምበቆ ናት። ቅየሳ ነው የምትማረው፤ ሁለተኛ ዓመት ገብታለች። በሦስት እግር የሚቆም መነጽር ይዛ ሜዳ ለሜዳ ስትዞር ትውላለች።

እኔ ብቻዬን ምን እንደምሆን አታስቢ። ሁለት ወር እኮ ነው። ፎቶ ቤቱ አለ፣ መጽሐፌ አለ።

[ረቂቁ ላይ የሰረዝኩት፦ ሁለት ወር ያልሽው ለእነሱ ወረቀት ነው ወይስ ለእኔ? እዚያው ልታስቀሪያት ነው?]

*ሰርዤው ነበር፤ በንጹሑ ወረቀት ላይ ግን መልሼ ጻፍኩት። እህቴም መለሰችልኝ።*

ከእህቴ፣ ኅዳር 28

እትዬ፤

መጠየቅሽ አላስቀየመኝም። አልዋሽሽምም። ሁለት ወሯን ጨርሳ ትመለሳለች፤ ደንቡ ነውና። ከዚያ ግን በተማሪ ወረቀት ላመጣት ነው የማስበው። እዚህ ትጨርስ፣ እዚህ ትኑር። አንቺ አሥራ አምስት ዓመት አገኘሻት። እኔ ስንት እንደቀረኝ አላውቅም። ፍረጂኝ እንግዲህ።

አሁን የምጽፍልሽን ሦስት ጊዜ አንብቢው፤ ለእሷም አንብቢላት። አብራኝ የምታጥብ ሴት አለች፤ የእህቷ ልጅ ልትጠይቃት መጣች። መስኮቱ ላይ «ለምን መጣሽ?» ቢሏት «አክስቴን ላግዛት» አለች። በዚያው መለሷት። እኛ ጋ ደግነት ነው፤ እነሱ ወረቀት ላይ ግን ማገዝ ማለት ያለ ፈቃድ መሥራት ማለት ነው። የሚሰሙት ቃሉን እንጂ ልቡን አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ ትበል። እናቴን ልጠይቅ መጣሁ። ሁለት ወር እቆያለሁ። ትምህርት ስላለብኝ እመለሳለሁ። በቃ። ላግዝ፣ ልደግፍ፣ ላስታምም የሚባል ነገር ከአፏ እንዳይወጣ! ብታፍርም ትፈር፤ «ዝም ብዬ ልቀመጥ ነው የመጣሁት» ትበላቸው።

በስልክ እንዳልነግራት፣ ስልኩን ታውቂዋለሽ፤ «ሃሎ» ተባብለን፣ ተላቅሰን፣ ደቂቃው ያልቃል። አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። በቃሏ ትያዘው።

ታናሽሽ

*ይህን ደብዳቤ ልጄ አይታው አታውቅም። ከመብራቱ እግር ሥር ባለው የፊልም ሣጥን ውስጥ ነው የኖረው።*

ከእኔ፣ ታኅሣሥ 9

ለእህቴ፤ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንዳልሽው አደርጋለሁ፤ ሐሳብ አይግባሽ። ቪዛው ወጥቷል፤ ትኬቱን ጎረቤታችን ቆርጦላታል። በየቀኑ ከፎቶ ቤቱ ባንኮኒ ኋላ እኔ መኮንን ሆኜ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። በደንብ ይዛዋለች።

ታላቅሽ

*በደንብ ይዛዋለች ያልኩት ነገር እንዲህ ነበር።*

*«ለምን መጣሽ?» አልኳት።*

*«እናቴን ልጠይቅ።»*

*«ልጠይቅ? የታመመች እናትሽ ቤት እጅሽን አጣጥፈሽ ልትጎለቺ? ምን ያለች ስድ ነች አይሉሽም?»*

*«ታዲያ ምን ልበል?»*

*«ላግዛት ነው የመጣሁት በያ።»*

*«ላግዛት ነው የመጣሁት።»*

*«ቀና ብለሽ።»*

*«እናቴን ላግዛት ነው የመጣሁት!»*

*«ጎሽ የእኔ ልጅ» አልኳት፤ ግንባሯንም ሳምኳት።*

ከእህቴ፣ ጥር 8

እትዬ፤ ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ስልኩ ላይ ማውራት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። ካፖርቱን ክንዴ ላይ አድርጌ ከብረት አጥሩ ወዲህ ቆምኩ። ተንሸራታች የመስታወት በር አለ፤ ሲከፈት ውስጡ ይታያል፣ ሲዘጋ ራስሽን ታያለሽ። በተከፈተ ቁጥር አንገቴን አሰግግ ነበር። የእሷ አውሮፕላን ሰዎች በሙሉ ወጡ። ቀጥሎ የሌላው አውሮፕላን ሰዎች ወጡ። ጠራጊው ወለሉን ሁለት ጊዜ ጠረገው፤ ሁለተኛው ላይ «እግርሽን አንሺ እናት» አለኝ።

ከአራት ሰዓት በኋላ አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ሴት መጣች። «ልጅሽ ተመላሽ ናት» አለችኝ። «ልያት» አልኩ። «አይፈቀድም።» «እዚያ በር ኋላ ናት አይደል?» «አዎ፤ ቅርብ ናት፤ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ግን አይፈቀድም።» «እሺ ካፖርቱን ስጪልኝ» ብዬ ዘረጋሁላት። «ወደምትመለስበት አይበርድም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

የማሽኔ ቀን ነበር። አሳለፍኩት።

ምን ብላ ነው? ጠይቂያትና ቃል በቃል ጻፊልኝ። አንድ ቃል እንዳታስቀሪ።

ከእኔ፣ ጥር 21

ለእህቴ፤ መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ልጅቷ ለስድስት ቀን ከአልጋዋ አልወረደችም።

ቃል በቃል ስላልሽ ይኸው። መኮንኑ በስልክ አስተርጓሚ ጠራላት። ድምፁ የእኛ ሰው ነው። «እንደምን ዋልሽ እህቴ» ሲላት ደስ አላት፤ ዘመድ ያገኘች መሰላትና ዘና አለች።

«ለምን መጣሽ?»

«እናቴን ላግዛት ነው የመጣሁት።»

«በምን በምን ታግዣታለሽ?»

«በሁሉም ነዋ! አጥባለሁ፣ አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ። ልጇ እያለሁ ማን ይሠራላታል?»

«እስካሁን ማን ይሠራላት ነበር?»

«በሳምንት አንዴ የምትመጣ ሠራተኛ አለቻት። ከእንግዲህ ግን አታስፈልጋትም፤ እኔ አለሁላት።»

«እዚህ ስትኖሪ ማን ይከፍልሻል?»

«ምን ክፍያ አለው፣ እሷው ትችለኛለች።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«እሷ ሲሻላት።»

«መቼ ይሻላታል ተባለ?»

«አይሻላትም ነው ያሏት።»

 እዚህ ላይ አስተርጓሚው ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እህቴ፣ እንዲሁ እንዳለ ልተርጉመው?» አላት። «አዎ፣ እንዳለ ተርጉምልኝ» አለችው። ኮራ ብላ ነው እንዲህ ያለችው፤ ራሷ ነች የነገረችኝ።

ከዚያ መስኮት የሌለው ክፍል አስገቧት። ሻንጣዋን ገለበጡት። የጫማዋን ማሰሪያ ፈትተው ወሰዱ። ያንቺን ስጦታ፣ የሠራችልሽን የአንገት ልብስ፣ አንዷ ዘርግታ አይታ መልሳ አጠፈችው። በሁለት ሰዎች መካከል አስቀምጠው አሳፈሯት፤ ሰው ሁሉ አፍጥጦ ያያት ነበር። ምን የሰረቀች ይመስላቸው ይሆን?

እንዳልሽው ነግሬያት ነበር። ከድንጋጤ የጠፋባት ይመስለኛል። አትፍረጂባት፤ ልጅ ናት።

ታላቅሽ

ከእህቴ፣ የካቲት 14 *(ለእኔ በተላከ ፖስታ ውስጥ፣ ለልጄ የተጻፈ)*

ልጄ፤

በዚህ ሁሉ ዓመት ካንቺ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ጥናት አይደል፣ ገንዘብ አይደል፣ አንድ ቃል አለመናገር። ጽፌ ላክሁ፤ አክስትሽ አነበበችልሽ። አጥባለሁ፣ አጸዳለሁ ስትያቸው ለእኔ ደግ የሆንሽ መሰለሽ? እኔን ከበሩ ወዲህ አቁመሽ ለማያውቁሽ ሰዎች ደግነትሽን አሳየሽ። አሥራ አምስት ዓመት የሰው አንሶላ ያጠብኩት አንድ ቃል መያዝ ለማትችል ልጅ ነው? ማሽኑ ላይ ተኝቼ ይህንን ነው የማስበው። ሌላ የማስበው የለኝም።

እናትሽ

*የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የደበቅኩባት እኔ፣ ይህንኛውን በእጇ ሰጠኋት። ዱካው ላይ ተቀምጣ አነበበችው።*

*«መቼ ነው የነገረችኝ?» አለችኝ።*

*«አነበብኩልሽ እኮ!»*

*«አንቺ ላግዛት በይ ብለሽኝ ነበር።»*

*«መጀመሪያ ብዬሻለሁ፤ አላወቅኩማ። ከዚያ የእናትሽ ደብዳቤ መጣ። ሐሙስ ዕለት እዚሁ ዱካ ላይ አስቀምጬ አነበብኩልሽ። ‹ያልኩሽን ተዪው፣ እንዲህ በይ› አልኩሽ። ‹እሺ› አላልሽም?»*

*ደብዳቤውን ከመጀመሪያው መልሳ አነበበችው። «እሺ አልኩ?» አለች።*

*«አልሽ እንጂ።»*

*«አላስታውሰውም።»*

*«ከፍርሃት ነው የእኔ ልጅ። ሰው ሲፈራ ይረሳል።»*

*አመነችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉን ነገር ቁራጭ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። «በሩን ቆልፌያለሁ።» «መድኃኒቱን ውጫለሁ።» «ማክሰኞ ፈተና፣ ሁለተኛ ፎቅ።» በዚያው ዓመት ትምህርቱን ተወችው። የሜዳውን ልኬት ለክታ ስትጽፍ እጇን ማመን አቃታት፤ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ትለካው ነበር። «እረሳለሁ፣ ድልድይ በሰው ላይ ይወድቃል» አለችኝና ፎቶ ቤቱ ገባች። ደስ አለኝ።*

ከእህቴ፣ በዓመቱ ጥቅምት 5

ለእትዬ፤ እንደምን ከረምሽ?

«ከዚያ ወዲህ ለምን አልጻፍሽላትም?» ላልሽው፣ አፍሬ ነው። የዚያን ጊዜው ደብዳቤ የእኔ አይደለም፣ የመርዙ ነው፤ ማሽኑ ሲያልፈኝ ደሜ ብቻ ሳይሆን ምላሴም ይመረዛል። አቃጥዪው።

አሁን ግን ጥሩ ወሬ አለኝ። ሐኪሙ «ልጇን ማየት አለባት» ብሎ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ነገረ ፈጅም አማከርኩ። «አንዴ መመለሷ ችግር የለውም፤ እውነቱን ከጻፈች ይሰጧታል። ከዋሸች ግን አሥር ዓመት ይዘጉባታል» አለኝ። ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት ከመግቢያ ተመልሰው ያውቃሉ?» የሚል አለ። አዎ በሉ። ምክንያቱን ጻፉ። የሐኪሙን ወረቀት አያይዙ። አንቺ የሰው ቅጽ ስትሞዪ የኖርሽ ሰው ነሽ፤ በአንቺ እጅ ይሁን።

እትዬ፣ ቀጥኛለሁ። ካፖርቱ አሁን ለእኔም ይሰፋኛል። ይቺኛዋ ዕድላችን የመጨረሻ ናት።

ከእኔ፣ የካቲት 19

ለእህቴ፤ መጥፎ ወሬ በመጻፌ ይቅር በዪኝ።

«ምን ሆነ? ለምን ዝም አላችሁ?» ላልሽው፣ ከልክለዋታል። አሥር ዓመት። ቅጹ ላይ «ተመልሼ አላውቅም» የሚል ተሞልቶ ስላገኙት ነው። እኔ አዎ ልል ነበር፤ እሷ ናት ፈርታ አይ በይ ያለችኝ። ልቤ አልወደደውም፤ ግን ጉዳዩ የእሷ ነውና እሺ አልኳት። አሁን ታለቅሳለች። አትቀየሚያት።

[ረቂቁ ላይ የሰረዝኩት፦ እህቴ ሆይ፣ እኔ]

ከእህቴ፣ ሰኔ 3 *(በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ፤ አብራት የምታጥበው ሴት ናት የጻፈችላት)*

እትዬ፤

እጄ ስለማይታዘዘኝ ጓደኛዬ ናት የምትጽፈው። እንደምን ነሽ?

ለልጄ ይህን ንገሪያት። አልተቀየምኳትም። ያን ጊዜ ያልኩትን ሁሉ አንስቻለሁ። እንኳን አንድ ቃል መቶ ቃል ቢጠፋባት ልጄ ናት። መስታወቱ ሲከፈት አንድ ጊዜ ከሩቅ ቢጫ ሹራብ ያየሁ ይመስለኛል። ቢጫ ለብሳ ነበር? ለብሳ ከነበረ አይቻታለሁ ማለት ነው። ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፤ አትቆጪ። ሰው ሲተኛ የማያስበው የለም። ያን ደብዳቤ በእርግጥ አንብበሽላት ነበር?

ታናሽሽ

*ቢጫ ለብሳ ነበር። ሹራቡን እኔ ነኝ የገዛሁላት። ይህን ደብዳቤ ልጄ አላየችውም። የመጨረሻውን ጥያቄ ሳላሳያት ምሕረቱን ላሳያት አልችልም ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ናቸው። መቀስ አለኝ፤ የሰው ፊት ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ያንንም መቁረጥ አያቅተኝም ነበር። ግን ሙሉውን ደበቅኩት።*

ከእኔ፣ ሰኔ 27

ለእህቴ፤ በእናታችን አጥንት! አንብቤላታለሁ። እንዴት እንዲህ ታስቢኛለሽ? ደግሞ ቢጫ አልለበሰችም፤ ያየሽው ሌላ ሰው ይሆናል። ይልቅ ጤናሽን ጠብቂ።

ታላቅሽ

*ንጹሑ ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰ። ፖስታው ላይ የጓደኛዋ ጽሑፍ ነበር፦ «ሰኔ 11 አርፋለች።» ይህቺኛዋን ውሸቴን እህቴ አላነበበቻትም። ሌሎቹን በሙሉ አንብባቸዋለች።*

ደብዳቤዎቹ እዚህ ያበቃሉ። የቀረውን እኔ ልበል።

ልጄ «አይ በይ» አላለችኝም። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የሰጠኋት የፊርማውን ገጽ ብቻ ነው። መልሱ ሲመጣ «አንቺ ነሽ እኮ ያልሽኝ» አልኳት። ኪሷ ውስጥ ያሉትን ቁራጭ ወረቀቶች በሙሉ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ያለችውን ፈለገች። አጣችው። «ያኔ ሳልጽፈው ቀርቼ ነዋ» አለች። የመጀመሪያውን ያደረግሁት ፈርቼ ነው፤ ባዶ ቤት ፈርቼ። ሁለተኛውን መነጽሬን ጠርጌ ነው።

ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። አላገባችም። አንድ ሰው ነበር፤ ቀጠሮ ቆርጣለት፣ መቁረጧን ተጠራጥራ፣ ቀድማ ሦስት ጊዜ እየሄደች ጠየቀችው። ሰለቸው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ እሷ ናት የምትሠራው። ደንበኛ ከሄደ በኋላ «ገንዘቡን ተቀብያለሁ?» ትለኛለች። እኔ «አዎ ተቀብለሻል» ካልኳት ይበቃታል። አይታ አታጣራም። ከራሷ ዓይን ይልቅ እኔን ታምናለች።

ባለፈው ወር የእህቴ ጓደኛ ጻፈች። እዚያ አገር መቃብር በኪራይ ነው። ዘመኑ አልቋል፤ የቅርብ ዘመድ በአካል መጥቶ ካልፈረመ ድንጋዩ ይነሳል፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አሥሩ ዓመት ካለፈ ቆይቷል። ልጄ አመለከተች፤ ቅጹን ይህን ጊዜ ትኬት ቆራጩ ነው የሞላላት፣ እውነቱን። ሰጧት። የፊታችን ሐሙስ ትበራለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ባልነበረበት ሰዓት፣ ዱካውን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ፀጉሯ ላይ ሽበት አለ። «መስኮቱ ላይ የምለውን ጻፊልኝ» አለችኝ።

«ራስሽ ታውቂዋለሽ» አልኳት።

«አውቀዋለሁ፣ እዚያ ስደርስ ይጠፋብኛል። አንዴ አጥፍቼው እናቴን ገድያታለሁ። ካልጻፍሽልኝ አልሄድም፤ ድንጋዩንም ያንሱት።» ቀልድ አልነበረም። ትኬቱን ልትመልስ ለትኬት ቆራጩ ነግራው ነበር፤ እሱ ነው «እስከ ረቡዕ አስቢበት» ያላት።

እነሆ ጻፍኩልሽ።

ለምን መጣሽ ሲሉሽ፦ የእናቴ መቃብር ላይ ልፈርም። ስንት ቀን ትቆያለሽ ሲሉሽ፦ ስምንት ቀን። ትመለሻለሽ ወይ ሲሉሽ የምትመልሺውን አልጽፍልሽም፤ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።

አስተርጓሚው «እንዳለ ልተርጉመው?» ካለሽ፣ ያኔም አልተሳሳትሽም፤ የነገርኩሽን አንድም ሳታጎድዪ ነው ያልሽው። ሐሙስ ዕለት ዱካው ላይ አስቀምጬ ያነበብኩልሽ ደብዳቤ የለም። «እሺ» ያልሽበት ቀን የለም። «አይ በይ» ብለሽኝ አታውቂም። የረሳሽው ነገር የለም፤ ያልተነገረሽ ነው። በእናትሽ እጅ የተጻፈው እዚህ ውስጥ አለልሽ፤ እኔን አትመኚ፣ እሱን አንብቢ።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ «እሺ» ትያለሽ፤ እሺ ማለትን ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ።

ጥቅሉን ሻንጣሽ ላይ አላስቀምጠውም፤ ሄደሽ እንድታገኚው ማድረግም መደበቅ ነው። ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ፎቶ ቤቱ እንደተከፈተ፣ በእጅሽ እሰጥሻለሁ፤ አንብበሽ እስክትጨርሺም ባንኮኒው ኋላ እቆማለሁ። ፖስታው ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስጠራሽ የኖርኩበትን ቃል መጻፍ አልቻልኩም። የጻፍኩት ይህን ነው፦

ይድረስ ለእህቴ ልጅ።